ጀርባውን የሰጠው ሰው

ኢርማ ኦላሳባል በሳልቶ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሥዕል ታስተምራለች። ቤቷ ስትገባ ግን ቀለም አትነካም፤ አሮጌ መጽሔት በመቀስ እየቆራረጠች ካርቶን ላይ ትለጥፋለች። መቀሷን የምታነሳው ሐሳቡ በጭንቅላቷ ካለቀለት በኋላ ነው። በዚያ ክረምት የያዛት ሐሳብ ብቸኝነት ነበር። ከሳሙና ማስታወቂያ ላይ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው ቆርጣ አወጣች። ጎዳና ላይ አቆመችው፤ ከፊቱም የጡብ ግንብ ለጠፈችበት። ሰውየው መሄጃ አጣ። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበርና ደስ አላት።

ሥራው ለዐውደ ርእይ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ሲሰቀል፣ ባላቸውን ከቀበሩ ዓመት ያልሞላቸው ጎረቤቷ እትዬ ሄኖቬባ በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ፔርሙዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን እየመጠጡ ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ።

«በጣም ወደዱት መሰለኝ፣ እትዬ» አለቻቸው ኢርማ አንድ ቀን።

«ራሚሮ እኮ ነው! ትከሻውን አታዪም? ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ እንዲህ ነበር። ብጠራው ዞር አይልም፣ ሥራ እንዳላዘው!»

ኢርማ ዝም ማለት ማታለል መሰላት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የነበረ ሰው ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ባሌን አፈር ያለበስኩት እኔ አይደለሁ? አበድኩ እንዴ? አካሄዱን ነው የምልሽ። ይልቅ መንገዱን ምን አድርጎሽ ዘጋሽበት?»

«ሐሳቡ እሱ ነዋ። ብቸኛ ሰው መሄጃ የለውም።»

«ማን ነገረሽ? እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ይኸው እዚህ ድረስ መጥቼ የለ?»

ኢርማ ተናደደች። እቤቷ ገብታም ንዴቱም ጥያቄውም አልለቀቃትም። ዐውደ ርእዩ እንዳለቀ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ግንቡን በእርጥብ ስፖንጅ ታላቅቀው ጀመር። ሙጫው እንቢ አለ። ስትስበው ጎዳናውም አብሮ ተቀደደ፤ ከሰውየው ፊት ነጭ የካርቶን ቁስል ቀረ። በምን እንደምትሸፍነው አሰበች፤ ምንም አልመጣላት አለ። እንዳለ ተወችው።

እንደዚያው ሆኖ ወደ ዋና ከተማው ሞንቴቪዴዮ ለውድድር ላከችው። ሽልማት አላገኘም፤ ዳኞቹ ግን አስተያየት ጽፈውለት ነበር። ነጩ ቦታ፣ ወታደሮች አገሩን በገዙበት ዘመን ተወስደው የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች ምልክት ነው ይላል። ኢርማ ደግማ አነበበችው። ስትቀደው ስለ እነሱ ጨርሶ አላሰበችም። ግን አጎቷም በዚያ ዘመን አንድ ማለዳ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። «ተሳስተዋል» ለማለት አፏ እምቢ አላት።

ሥራው ሲመለስላት ለእትዬ ሄኖቬባ ሰጠቻቸው። ስለ ዳኞቹም ነገረቻቸው።

«ይሁንላቸው፤ እነሱም የጎደለባቸው ሰው ይኖራል» አሉ። ከዚያ ነጩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ለእኔ ጭጋግ ነው። ጠዋት ወንዙ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ከምድጃቸው በላይ ሰቀሉት። እንፋሎቱ ጠርዙን እያነሳ ስላስቸገረ፣ ኢርማ ሙጫ ይዛ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች። ባለፈው እሑድ ጠጋግና ስትጨርስ እትዬ ሄኖቬባ የተጠበሰ ሊጥ ሳህን ላይ አቀረቡላት።

«አሁን ደግሞ ስለምን ነው የምትሠሪው?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ዝም ብዬ መቁረጥ ጀምሬያለሁ።»

«በይ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»