ይከለል

«ይከለል» ነበር ያለው ታናሽ ወንድሜ። የሰፈራችንን የልጆች መጫወቻ ንድፍ የሠራው እሱ ነው፤ ቦታው መኪና መንገድ ዳር ስለሆነ ልጆቹ እንዳይወጡ ውስጡን የሚያሳይ የብረት አጥር ይዙርበት ማለቱ ነበር። ግንበኛው ደግሞ ከዓይን ይከለል የተባለ መስሎት ከሰው ቁመት በላይ በብሎኬት ደፈነው። ቃሉ ለሁለቱም ልክ ነው፤ ጉዱም እሱ ነው።

ወንድሜ ግንቡ ሳይፈርስ መጫወቻው እንዳይከፈት ለመነ። የግንባታው አለቃ ግን «ግንብ ምን ነውር አለው? እንዲያውም ይጠነክራል» ብለው አስከፈቱት።

እኛ እናቶች ልጆቻችንን ከውጭ እያየን እንድንጠብቅ በተሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ግድግዳ ላይ አፈጠጥን። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

«በል እንግዲህ፣ በጆሯችን እንጠብቃቸው» አልኩት። ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ምላሴ ይረዝማል።

«እትዬ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «በመንገዱ በኩል ያለው በር መዝጊያ የለውም። የተለካው ለብረቱ አጥር ስለነበር እዚህ አልገጥም አለ።»

«ይኼን አሁን ነው የምትነግረኝ?» አልኩት።

«ሚጣ!» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት!» አለች ልጄ ከግንቡ ወዲያ።

ደግሜ ጠራኋት። አቤት አለች፤ ድምጿ ግን ራቅ ብሏል። ለሦስተኛው መልስ የለም።

ሮጥኩ። ያ የተረገመ ግንብ አላልቅ አለኝ። ማዕዘኑ ጋ ስደርስ ፍሬን ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

ሚጣ አስፋልቱ ላይ ቆማለች። እጇን ብትዘረጋ የጭነት መኪናውን ትነካዋለች። ሹፌሩ ወርዶ «ከግንቡ ውስጥ ዱብ አለችብኝ፤ እናቴን፣ አላየኋትም» እያለ ይምላል። አቀፍኳትና እዚያው ቁጭ አልኩ። የተማረ ይግደለኝ ይላሉ፤ የእኔ የተማረ ልጄን ሊያስጨርስብኝ ነበር። ይህንኑ ልነግረው ቀና ስል ወንድሜ ያለቅሳል። ተውኩት።

«ለምን ወጣሽ የኔ እናት?» አላት።

«እማዬ ጠራችኝ» አለች። «የት እንዳለች ስለማይታይ በዚያ ልዞር ነው።»

ተከትሎን የደረሰው ግንበኛ ሰምቷል። መዶሻውን አምጥቶ ግንቡን ከማዕዘኑ ማፍረስ ጀመረ፤ አለቃውን የጠየቀ የለም።

ማታ ራት አቅርቤ ሚጣን ልጠራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ተነስቼ ጓዳ ገባሁና እጇን ይዤ አመጣኋት።