አሥራ ሰባተኛው ናሙና

ዶሚቲላ ሰው አታምንም፤ ሰንጠረዥ ግን ታምናለች። በቾኔ ወንዝ ዳር ባለው የካካዎ አምራቾች ማኅበር በጸሐፊነት ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው ሲዋሽ እንጂ ኮምፒውተር ሲዋሽ አላየችም። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ጠዋት ከኤሊዮዶሮ ስም ጎን «ከመቶ ፍሬ ሠላሳ ስምንቱ ሻጋታ» የሚል ስታነብ፣ ልቧ ቢሰበርም ማመኗ አልቀረም።

ኤሊዮዶሮ የልጇ የክርስትና አባት ነው። ሐሙስ ሰንጠረዡ በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሻጋታው ከአምስት ያለፈ አምራች ለዓመቱ ከምርጦቹ ዝርዝር ይሰረዛል፤ አገሩ ሁሉ ያነበዋል። ይህ ሰው የማንን ፍሬ ቀላቅሎ አመጣ? ስትል አሰበች። እሑድ ከቤቷ ቶሎ ተነሥቶ መሄዱ ትዝ አላት። ስለ ዝናቡ ስትጠይቀው ወሬ መቀየሩም። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ሥራ አያጣም።

ወደ እሱ ስትሄድ አስፋልቱ ዳር የተሰጣውን ካካዎ በእግሩ እያገላበጠ አገኘችው። ከጥሬ ሙዝ ተቀጥቅጦ የተድበለበለ ቦሎን ቅመሺ ቢላት ጠግቤያለሁ አለች። እዚያ አገር የአበልጁን ቦሎን የማይቀምስ ሰው ጠብ ይዞ እንደመጣ ይታወቃል።

«አበልጄ፣ ፍሬህ ውስጥ የሌላ ሰው ፍሬ ገብቷል?»

ማገላበጡን አቆመ። «እየጠየቅሽኝ ነው ወይስ ፈርደሽ ነው የመጣሽው?»

ሰንጠረዡ እንዲህ ይላል አለችው።

«እኔ ክርስትና ያነሣሁት ልጅሽን ነው፤ ሰንጠረዥሽን አይደለም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቢሮ ገብታ ሰንጠረዡን ልታትም ስትል ዓይኗ ከላይ አረፈ። ናሙና አንድ፣ አልሲቫር። ሁለት፣ ብራቮ። ሦስት፣ ኩስሜ። የናሙና ቁጥር የሚሰጠው ሰው በመጣበት ቅደም ተከተል ነው፤ ፍሬውን በቢላ እየሰነጠቁ የሚመረምሩት ሽማግሌም ለዘመድ እንዳያደሉ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አያዩም። ታዲያ ገበሬ ከመቼ ወዲህ ነው በቤተሰብ ስሙ የላቲን ፊደል፣ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ተራ ተሰልፎ የሚመጣው?

ያኔ ገባት። ባለፈው ሳምንት አባላቱ የማን ስም ከላይ ይሁን ብለው ሲጨቃጨቁ፣ በፊደል ተራ ላስይዛቸው ብላ የስሙን ዓምድ ብቻ መርጣ ነበር። ኮምፒውተሩ አጠገብ ያሉት ዓምዶችም አብረው ይንቀሳቀሱ ወይ ብሎ ጠይቋታል፤ ሳታነበው አይ ብላ አለፈች። ስሞቹ ቦታ ሲለዋወጡ ቁጥሩና ሻጋታው ባሉበት ቀሩ፤ ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሻጋታ ተሸከመ። ሙሉውን ሰንጠረዥ ሳትመርጡ አትደርድሩ፣ ከመደርደራችሁም በፊት ያልተነካ ቅጂ አስቀምጡ እያለች አዲስ ሠራተኛ የምታሰለች እሷው ነበረች። ቅጂ አልነበራትም።

መሳቢያውን ስባ የእያንዳንዱን ሰው የናሙና ቁጥር በገዛ እጇ የጻፈችባቸውን የርክክብ ደረሰኞች አወጣች። ኤሊዮዶሮ ቁጥር አራት ነው፤ ሻጋታው ሁለት ብቻ። ሠላሳ ስምንቱ የአሥራ ሰባት ቁጥር ነው። አሥራ ሰባት ሴጉንዶ ነው፣ ባሏ።

ደረሰኙን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከሽማግሌው ደብተር ጋር አመሳከረችው። ሌሎቹን ደረሰኞች ሁሉ አንድ በአንድ አየች፤ ያው ሴጉንዶ ነው። ሰንጠረዡን እንዳለ ላትመው ብላም አሰበች፤ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

ስሞቹን ወደየቁጥራቸው መለሰች፣ ቅጂ አስቀመጠች፣ ሐሙስ ጠዋትም ለጠፈችው። ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። ኤሊዮዶሮ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እሷ መጣ፤ ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ሻጋታው የሴጉንዶ ሲሆንስ ምን አደረግሽ?»

ስህተት እንዳይሆን ደረሰኙን ከመሳቢያው አውጥታ ደጋግማ ማየቷን፣ ደብተሩን ማመሳከሯን ነገረችው።

«ለእሱ መሳቢያ ከፈትሽ» አላት ቀስ ብሎ። «በእኔ ጊዜ ተቆልፎ ነበር?»

መሳቢያው ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።