በሶላንዥ ምላስ

ከነሐሴው ቃጠሎ ወዲህ የፉልክራን አፍንጫ ሞቷል። አምስት ቀን ሙሉ የወይን ማሳውን ከእሳት ሲከላከል ጢሱን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ እሳቱ ጠፍቶ ቤቱ ሲገባ ሽንኩርትና ሳሙና መለየት አቃተው። የናርቦን ከተማ ሐኪም «ይመለስ ይሆናል» አለው። አልተመለሰም። ዕድሜ ልኩን በአፍንጫው እንጀራ የበላ ወይን ጠማቂ፣ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በሚስቱ ምላስ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የወተቱን ጆግ አምጥቶ አፍንጫዋ ሥር ይደቅንና «ደህና ነው?» ይላታል። ሶላንዥ ደህና ነው ካለች ይጠጣል፤ ሌላ ጥያቄ የለም።

ኅዳር ላይ አዲሱን ወይን ጠጅ ከበርሜሉ ቀድቶ ያመጣላትም እንደ ወተቱ ነው። አያቱ የተከሉት ካሪኛን የሚባለው የወይን ዘር ነው፤ እዚያ የኮርቢየር ኮረብታ ድንጋይ ላይ መቶ ዓመት የቆመ፣ እሳቱ አጥሩ ድረስ መጥቶ የተመለሰለት ወይን። ሶላንዥ ጎንጨት አለች። መጀመሪያ ፍሬው መጣ፣ ቀጥሎ ጦስኙ። ስትውጠው ግን ጉሮሮዋ ላይ የቀረው አመድ ነበር፤ ያደረ የምድጃ አመድ። ለካ ወይኑ ጢሱን በቆዳው ይዞት ኖሯል።

ቀና ስትል ባሏ ዓይኑን አፏ ላይ ተክሏል። እሳቱ የለበለበው ቅንድቡ ገና አላደገም።

«እሺ፣ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለችው።

በቃ፣ ጥፋቷ ይቺው ናት። ያንን ፊት እያየ ሌላ ነገር የሚናገር ጀግና ካለ ይምጣ።

ጢስ የገባበት ጎረቤት ሁሉ ወይን ጠጁን የተበላሸውን በርካሽ ለሚገዛው አልኮል ማጣሪያ አስመዘገበ፤ ቢያንስ ሜዳ ላይ አይፈስም። ምዝገባው ጥር ላይ ተዘጋ። ፉልክራን «የኔ ንጹሕ ነው፣ ሶላንዥ ቀምሳዋለች» እያለ ሳቀባቸው። የብርዱን ወራት በሙሉ፣ በዚያ አጥንት በሚሰረስር ነፋስ፣ ወገቡን ይዞ ወይኑን ሲገርዝ ከረመ።

እሷ ደግሞ ወጥ ቤት ገብታ አመዱን የሚደብቅላት ምግብ ፍለጋ ያዘች። ነጭ ባቄላ ከዳክዬ ጋር ሠራች፤ አመዱ ጭራሽ ጎላ። የከርከሮ ሥጋ በጥቁር ወይራ ቀቀለች፤ መረራት። የካቲት ላይ ባሏ ገርዞ ባመጣው የወይን ጭራሮ ፍም ላይ የበግ ጎድን ጠብሳ ወይን ጠጁን ስትጎነጭበት ግን አመዱ ጠፋ። ጢሱ ጢስ ውስጥ ተደብቆ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ ምድጃው አጠገብ ቆማ አለቀሰች።

መጋቢት ላይ ወይን ነጋዴው ሙሴ ካዛሊ ለቅምሻ መጣ። እሱ ካልገዛቸው ወይኑ ከማሳው እንደሚነቀል ሁለቱም ያውቃሉ። ሶላንዥ ሳይበላ እንዳይቀምስ ከበር ተቀብላ ማዕድ ላይ አስቀመጠችው።

«ማዳም ሶላንዥ፣ ዛሬስ ሊያፈነዱኝ ነው!»

«ሆድዎ የት ሄዶ! ይቺን ጎድንማ አይተዋትም።»

ሰውዬው ጋጠ፣ ጠጣ፣ ደግሞ አስቀዳ። «ይሄማ ለበግ ሥጋ የተፈጠረ ነው!» አለ ጣቱን እየላሰ። «ፉልክራን፣ አንድ በርሜል እንዳታስቀር። ሁሉንም እወስደዋለሁ።»

ሶላንዥ እፎይ ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ፉልክራን ግን ኩሩ ነው፤ የእግዜር ኩራት ይሁን የሰይጣን እንጃ።

«አይ፣ እንዲህማ አይሆንም» አለ። «ሥጋ ሰው ያታልላል። አባቴ በጥብስ አባብሎ የሸጠው ወይን ጠጅ የለም። በል በውሃ ተጉመጥመጥ፣ ዳቦ ግመጥና ባዶውን ቅመሰው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳውን አብላው እንጂ! ገና አይብም አለ…»

«አይቡ ይደርሳል። ምን አስጨነቀሽ?»

ንጹሕ ብርጭቆ አምጥቶ ራሱ ቀዳ። ሙሴ ካዛሊ ተጉመጠመጠ፣ ዳቦ ገመጠ፣ ጠጣ። አመዱ የሚመጣው ከዋጡት በኋላ ነው። ሶላንዥ የነጋዴው ፊት ቀስ እያለ ሲጨማደድ አየችው።

«እዚህ ቤት የሚቀምሰው ማነው?» አለ።

«ሶላንዥ ናታ!» አለ ፉልክራን ደረቱን ነፍቶ።

ነጋዴው ወደ እሷ ዞረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑን ቶሎ ከእሷ ላይ አነሣ። «አመድ ነው፣ ፉልክራን። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይሄን መሸጥ አልችልም።» ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

«ቀጣፊ! ዋጋ ለመስበር ነው!» ፉልክራን ብርጭቆውን ወደ ሚስቱ ገፋው። «ቅመሺና ንገሪኝ።»

አልነካችውም። «እውነቱን ነው» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኅዳር።»

ኅዳር ላይ የማጣሪያው ምዝገባ ገና ክፍት ነበር። ፉልክራን አልጮኸም፤ ቢጮኽባት ምንኛ በወደደች! በመስኮቱ የገረዘውን ማሳ ሲያይ ቆየ። አንዳንዱ ማቆጥቆጥ ጀምሯል።

«ቅንድብህ እንኳ አላደገም ነበር» አለችው። «እንዴት ብዬ ልንገርህ?»



በማግስቱ ጠዋት የወተቱን ጆግ አመጣ። ሶላንዥ እንደ ልማዷ ልታሸት አንገቷን ሰገግ አደረገች። እሱ ግን ወደ ራሱ ወሰደውና በዚያ በሞተ አፍንጫው አሸተተ። ኮምጣጣው ሽታ ተቀምጣ ካለችበት ደረሳት።

«ፉልክራን፣ ተበላሽቷል» አለችው።

ብርጭቆውን ሞላ። ዓይን ዓይኗን እያየ ጠጥቶ ጨረሰው።