የማይዘረጉት ሁለት ጣቶች

ሂዳያ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ፌኖባርቢታል የምትባለዋን ነጭ ክኒን ማታ ማታ መዋጥ ከጀመረች ወዲህ ግን ወድቃ አታውቅም። እናቷ ዙለይሃ ደግ ነገር ሲረዝም ትፈራለች፤ የከፋው መንገድ ላይ ነው ትላለች።

እውነትም መጣ። በልጅቱ ቀኝ መዳፍ ውስጥ፣ ከቆዳው ሥር፣ እንደ ጅማት የጠነከረ ነገር በቀለና ሁለቱን ትንንሽ ጣቶቿን ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር። አያማትም። ተኝታም ይጎትታል።

ዱዓ ላይ ሰው ሁሉ መዳፉን ሲዘረጋ የሂዳያ ታጥፎ ቀረ።

«የጨበጠችውን ትልቀቅ እንጂ» አለች ጎረቤታቸው ዑምኩልሱም፣ በሹክሹክታ፣ ግን ሰው እንዲሰማ አድርጋ።

«ምን ጨበጠች?» አለች ዙለይሃ።

«እኔ ምን አውቄ። ያስጨበጣት ያውቃል።»

በዚያው ሰሞን ዶክተር ሙሉአለም የሚባል ተመራማሪ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ መጥቶ ያችን ክኒን የሚወስዱትን ሰበሰበ። ከውጫሌ የመጡ ሽማግሌ፣ ከግሸን ሥር የመጣች አራስ፣ ሌሎችም ተራ በተራ መዳፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፉ። የብዙዎቹ አልተኛም፤ በእጃቸውና በእንጨቱ መሃል ጥላ ቀረ። አይተዋወቁም፤ ግን ሂዳያን ይዛ ለመጣችው ለዙለይሃ ሁሉንም አንድ የማይታይ ሰው በአንድ ገመድ የሚስባቸው መሰላት።

«ክኒኗ ናት?» አለችው።

«ትሆናለች ብለን ነው የምናጠናው፣ እናቴ። ገና አላረጋገጥንም። ብቻ በራስዎ እንዳያስቆሟት፤ ቀስ በቀስ በሌላ እንተካለን።»

ዙለይሃ ይዛ የሄደችው «ትሆናለች» የሚለውን ብቻ ነው። ወዳጃው ደርሷል፤ ሰው ሁሉ ለዱዓ ይሰበሰባል። እስከዚያ የልጇ እጅ እንዲፈታ ብላ ክኒኑን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

«እማ፣ ክኒኔስ?»

«አልቋል። አመጣልሻለሁ።»

በወዳጃው ቀን ሸኹ «መዳፋችሁን ክፈቱ» ሲሉ ሂዳያ ወደቀች። ተንዘፈዘፈች፣ ከዚያ ሁሉ ነገሯ ላላ፤ አንገቷ፣ እግሯ፣ ግራ እጇ። ሁለቱ ጣቶች ግን አልላሉም። ዑምኩልሱም ምንጣፉን ትታ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

ልጅቱ ራሷን ስታውቅ እናቷ መቀነቷን ስትፈታ አየች።

«አልቋል አላልሽም?»

«ዋሽቼሽ ነው። ዋጪ።»

«እጄስ?»

«እጅሽ እንደታጠፈ ይኑር። አንቺ ኑሪልኝ።»

ክኒኗን በታጠፈው መዳፍ ላይ አኖረችላት፤ ለመያዝ መጨበጥ አላስፈለገውም። ሸኹ ዱዓውን ሲቀጥሉ ዙለይሃ የራሷን መዳፍ ከልጇ እጅ ሥር ዘረጋች። ሁለቱ ጣቶች፣ በእንቅልፍ እንደሚተነፍስ ሰው ዝግ ብለው፣ የእሷንም መዳፍ ሲጎትቱ ተሰማት።