ለገዛ ሚስት የተላከ ሽማግሌ

ሸዋንዳኝ ፎርክሊፍት ነጂ ነው፤ እሱን ከጠየቃችሁት ግን የዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ የቆመው በእሱ ሁለት ክንዶች ላይ ነው። በኮሮናው ዓመት መርከቦቹ ባሕር ላይ ተሰልፈው «ሸዋንዳኝ ሥራ ገባ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር አጅማን ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ የለም። ይህን የሚያህል ሰው የገዛ ሚስቱን ማየት አቃተው።

ሚስቱ ዘሪቱ አል ማምዛር አንድ ቪላ ውስጥ ልጆች ታሳድጋለች። ውሏ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ተጽፏል፤ ዓርብ ዓርብ አጅማን፣ በኮምፔርሳቶ ከተከፈለች ክፍላቸው ትመጣ ነበር። መጋቢት ላይ በሩ ተዘጋባት። ሰኔ ላይ ሰዓት እላፊው ተነሣ፣ ሞሉ ተከፈተ፣ አሠሪዋ ማዳም ራሷ ሽቶ ልትገዛ መውጣት ጀመረች። የዘሪቱ በር ግን ነሐሴም እንደተዘጋ ነው። ስልኳን ማዳም ትይዘዋለች፤ በቀን ሩብ ሰዓት ትሰጣታለች፣ ያውም ወጥ ቤት ቆማ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ። ባልና ሚስት አምስት ወር ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ሲያወሩ ከረሙ። ፈቃድ በጠየቀች ቁጥር ማዳም ጉንጯን ነካ አድርጋ፣ አንቺኮ ልጄ ነሽ፣ ልጅ ከቤቷ ወዴት ትሄዳለች ትላታለች።

ሸዋንዳኝ ኤጀንሲው ጋ ደወለ፤ ታገሥ ተባለ። ባልና ሚስት ያለ ሰሚ ማውራታቸው መብት ነው፣ ሕግ ያውቀዋል ብሎ ተከራከረ፤ አሁንም ታገሥ ተባለ። በመጨረሻ ተነሥቶ፣ «ልጄ ናት ካለች እንደ ልጅ ትጠየቃለች። ሽማግሌ እልክባታለሁ» አለ። የሰፈሩ ሰው ሳቀበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ሦስት ሰው መረጠ። አንዱ ከጸሎት ቤታቸው ጋሽ ወንድይፍራው፣ በዕድሜያቸው አርባ ጋብቻ ያስፈጸሙ ናቸው። ሁለተኛው የወሎው ዓብዱ፣ መኪናም አረብኛም ያለው። ሦስተኛው ክፍሌ ነበር፤ በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሳል ያዘውና ቤቱ ቀረ። ሽማግሌ ደግሞ ከሦስት ጎድሎ ደጅ አይረግጥም። ሙሽራም ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ሸዋንዳኝ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሳበና፣ በዚህ መልኬ የወለደችኝም አታውቀኝም ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሻርጃን አልፈው ዓርብ ከሰዓት ከበሩ ደረሱ። ማዳም ምጽዋት ፈላጊ መስለዋት ወንበርና ውሃ አስወጣችላቸው። እነሱ ተራርቀው ቆሙ። የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም አሉ። ሙቀቱ አርባ ስድስት ነበር። የጎረቤት በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ።

የተመከረው፣ ዕረፍቷን ስጪያት እንዲባል ነበር። የጋሽ ወንድይፍራው ምላስ ግን የለመደውን መንገድ ያዘ፤ «እመቤቴ፣ ልጅዎን ለልጃችን በጋብቻ ይሰጡን ዘንድ ነው አመጣጣችን» አሉ። ዓብዱ ታማኝ አስተርጓሚ ነውና እንዳለ ወደ አረብኛ አዞረው። ሸዋንዳኝን ማስኩ ውስጥ ላብ አሰመጠው።

ማዳም ሳቀች። «ሠራተኛዬን ነው? እሷ ልጄ አይደለችም። ደግሞ ባል አላት።»

ዘሪቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠችና ወደ ግቢው ወጣች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«እንግዲያው ልጅሽ ካልሆንኩ ማን ሆነሽ ከባሌ ትከለክይኛለሽ? ባል እንዳለኝም ከአፍሽ ወጥቷል፤ ሽማግሌ ሰምቷል። ወደ ሹግሌ፣ ወደ ሥራዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመለሳለሁ። ዓርብ የኔ ነው። ስልኬን ስጪኝ።»

ማዳም በሽታ ታመጪብኛለሽ አለች። ዘሪቱ፣ አንቺ ሞል ስትውዪ ማን መረመረሽ፣ እንግዲህ አብረን እንመርመር አለቻት። ማዳም ቪዛሽን አሰርዘዋለሁ አለች።

«አሰርዢው። ባሌን ግን አታሰርዢውም።»

ስልኩን ልትቀበል የተዘረጋው የዘሪቱ እጅ አልወረደም። ሦስቱ ወንዶች ላብ እያንጠባጠቡ እንደ ግንድ ተተክለዋል፤ ጎረቤት ያያል፤ ቪዛ በቆመበት በዚያ ዓመት ሌላ ሠራተኛ ከየትም አይመጣም። ማዳም ገባች፣ ስልኩን አምጥታ መዳፏ ላይ ጣለችላት።

ያን ጊዜ ጋሽ ወንድይፍራው «ተመስገን» ብለው ወንበሩ ላይ ወደቁ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ዘሪቱ ሦስተኛውን ሽማግሌ ገና ከበሩ ሲገቡ ለይታዋለች፤ ሲጨንቀው ቀኝ እጁ የሌለ ማርሽ ይጨብጣል። «እኒህኛው ሽማግሌ ገና ጎልማሳ ናቸው» አለች፤ «ይነሡና ቦርሳዬን ይያዙልኝ።»

መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ። ዓብዱ ሳይነግሩት ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ዘሪቱ የባሏን ማስክ ከአንድ ጆሮው አወለቀችና አንድ ነገር አንሾካሾከችለት።

ሸዋንዳኝ ይህን ታሪክ ያልነገረው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ዛሬ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፣ ሙቀቱ ሰባ ገብቷል፣ ማዳምም እግሩ ላይ ወድቃለች። መኪናው ጋ ሲደርስ ግን አፉን ይዘጋል። ምን አለችህ ብለው ሲወተውቱት ይቆጣል፣ «እሱ የቤቴ ነው» ይላል፤ አንዲት ቃል አይጨምርም።