ሦስት ማንኪያ ውሃ

ሃያ ሁለቱማ አዎ ናቸው፣ ሃያ ሁለቱ ላይ ምልክቱ አለ፣ ሃያ ሦስተኛው ብቻ ነው ባዶ፣ የአቶ ሞላ ካርድ፣ ከሥር ብትቀብረውም መልሶ ከላይ የሚወጣው፣ ነጅሚያ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች፣ ከመመገቡ በፊት የመዋጥ ፈተና ተደርጎለታል? አዎ፣ የለም፣ ሁለት ሳጥኖች፣ የምስር ፍሬ እንኳ የማያስቀምጡ።

ደክሟታል። ከሐምሌ ጀምሮ ደክሟታል።

የጥራት ክፍል ይሏታል ይህችን ጠባብ ክፍል፣ ድሮ የፋሻና የአልኮል ማስቀመጫ ነበረች፣ አሁን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያነክስ ወንበርና እሷ፣ ሲስተር ነጅሚያ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በዚህ ሆስፒታል በወጉ ታከሙ ወይ ብላ በየሦስት ወሩ የምትቆጥር፣ ስንቱ በሰዓቱ ታየ፣ የስንቱ ደም ግፊት ተለካ፣ ስንቱ መዋጥ መቻሉ ተፈተነ፣ በመቶኛ አስልታ ወደ ላይ የምትልክ፣ ወደ ላይ ማለት ወዴት እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ ተመልሶ የሚመጣው በርቱ የሚል ደብዳቤ ነው። ዶክተር ብርሃኑ ጠዋት አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ ነጅሚያ ሪፖርቱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል አይደል፣ ይወጣል ዶክተር፣ አንዲት ካርድ ጎድላብኝ ነው፣ የቷ፣ የነሐሴዋ፣ የጋፋቱ ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ሙያት በቃ፣ ሌላው ሁሉ ተሞልቶ አንዷ ለምን ትታያለች፣ ሰውዬው እንደሆነ አይነሳ፣ ብሎ ሄደ፣ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እሱም ደክሞታል፣ በዚህ ቤት ያልደከመው ግድግዳው ነው፣ እሱም ቀለሙ ተልጧል።

ሙያት። አንድ ምልክት። ሃያ ሦስት ከሃያ ሦስት፣ መቶ በመቶ።

አባቷ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲለካ ሜትሩ ካለቀ በኋላ አውራ ጣቱን ይጨምር ነበር፣ እንዳያጥርባቸው ብሎ፣ ለገዢው፣ እሷም ይኸው ትጨምራለች፣ ግን ለማን፣ ማን እንዳይበርደው። ሃያ ሁለቱስ ቢሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተሞሉ፣ ታውቃለች፣ አይታ እንዳላየች አለፈቻቸው፣ ዋርዱ ውስጥ አንዲት ነርስ ለሠላሳ አልጋ፣ ማን ማንን ይወቅሳል።

መስኮቱ ማዶ አግዳሚው ላይ ከል የለበሱ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ። እማማ ዘነበች ናቸው፣ የአቶ ሞላ ባለቤት፣ ነጅሚያ ገና ስትገባ አይታቸው ነው ዶክተሩ እንደሄደ በሩን የቆለፈችው፣ እንደ ሌባ፣ የሞት ወረቀት ፈልገው ይሆናል፣ ወረቀቱ ደግሞ ካርድ ክፍል ነው፣ እኔ ጋ ምን አላቸው፣ እኔ ጋ ያለው ይህች ባዶ ሳጥን ናት።

ያን ቀን የጥራት ክፍል ሰው አልነበረችም፣ የዋርዱ ነርስ ፈንታነሽ በሽተኛ ይዛ በአምቡላንስ ባሕር ዳር ሄዳ ዋርዱን ያዢልኝ ብላት ነው፣ አምስት ሰዓት ላይ አቶ ሞላን በቃሬዛ አስገቧቸው፣ አረም ላይ ሳሉ ወድቀው፣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲታሹ አድረው፣ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ዓይናቸው ግን ንቁ፣ ሁሉን የሚሰማ። ዶክተር ብርሃኑ አየና፣ መዋጡን ፈትኚው፣ እስከዚያ በአፉ ምንም እንዳይገባ፣ አላት ኮሪደሩ ላይ፣ ኩባያና ማንኪያ አምጥታ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች፣ መጣሁ አለች፣ አልመጣችም። የት ነበረች፣ እዚያው፣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ የነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ፣ የሐምሌን ካርዶች ደርድራ ስንቱ ተፈተነ እያለች ስትቆጥር፣ ይሄን ለማን ይነግሩታል፣ ስንቱ ተፈተነ ብላ ስትቆጥር ሰው ሳትፈትን ቀረች።

ግን ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዳይቀምሱ ብያለሁ፣ ብያለሁ እኮ፣ አርባ ቀን በዚህች ተጽናናች።

በሩ ይንኳኳል። ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ።

ልክፈት፣ አልክፈት፣ እስከ መቼ፣ ትከፍታለች፣ እማማ ዘነበች ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ወንበሩ ያነክሳል ወደ ግድግዳው ያስጠጉት፣ ሴትዮዋ የጎማ ጫማቸውን ጭቃ በሩ ላይ ጠርገው ይገባሉ፣ እንደምነሽ ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ አርባውን አወጣሁ፣ ወረቀት ፈልጌ አይደለም የመጣሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ እንዳትዋሺኝ። ተልባው ነው ወይ የገደለው?

ነጅሚያ እጇ ካርዱ ላይ ነው።

ጎረቤት እንዲያ ይላል፣ እማማ ዘነበች ድምፃቸው አይነሳም አይወድቅም፣ ተልባ ስታጠጪው ነው ትን ያለው ይሉኛል፣ ጥቂት እንደሳለ እኔም አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ትኩሳት፣ ከዚያ ወዲያ በሦስተኛው ቀን አለቀ፣ የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው፣ በእጅሽ ጠፍቶ እንደሆነ ንስሐው ሌላ ነው፣ ሄደሽ ሐኪሞቹን አረጋግጪ አሉኝ፣ እንዲያው ልጄ፣ እኔ ነኝ ወይ?

አይደሉም ማለት ይቻላል፣ እግዜር የጠራውን ማን ያስቀራል ብሎ መሸኘት ይቻላል፣ ለነገሩ ስትሮኩ ራሱ ይገድላቸው ነበር ይሆናል፣ ይሆናል፣ ሳንባቸው ውስጥ የገባው ግን ተልባ ነው፣ ካርዱ ላይ ተጽፏል። እማማ፣ እንዳይቀምሱ ብዬዎት አልነበረም? ትላለች፣ ከአፏ ነው ቀድሟት የወጣው፣ ወዲያው ታፍራለች። ሴትዮዋ ቀና ብለው ያይዋታል፣ ኧረ በእመቤቴ፣ መች አልሽኝ፣ ጾመኛ ናቸው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ አዎ ፍልሰታን ይዟል አልኩሽ፣ ጥሩ ብለሽ ሄድሽ።

ጥሩ።

ብላለች። አሁን ትሰማዋለች፣ የራሷን ድምፅ፣ የቸኮለውን፣ ጥሩ፣ ጾመኛ ከሆኑማ ሳይመሽ አይቀምሱም፣ እስከዚያ እደርሳለሁ ብላ፣ በራሷ ጾም ለክታቸው፣ በረመዳን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከክርስቲያን ጋር አጥር ተጋርታ የኖረች ሰው፣ ፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጥቶ እንደሚቀመስ ሕፃን ሆና የምታውቅ፣ ጠፋባት፣ እንዴት ይጠፋባታል፣ ጠፋባት።

ጠብቄ ጠብቄ፣ ይላሉ እማማ ዘነበች፣ እሱም ጠዋት አፍህን በውሃ ላርስልህ ብለው ራሱን ነቀነቀ፣ ጾሜን ማለቱ ነው፣ ዘጠኝ ሲሆን ግን ኩባያና ማንኪያ አስቀምጠሽልን ሄደሽ የለ፣ አብሊው ማለትሽ መስሎኝ፣ በዚያው ባንቺ ኩባያ ቀዳሁለት፣ በጀርባው እንደተኛ በማንኪያ።

አራት ሰዓት ሙሉ። አራት ሰዓት ሰጥተዋት ነበር፣ ሰውዬው በጾማቸው፣ ሴትዮዋ በትዕግሥታቸው፣ ነጅሚያ ካርድ ቆጠረችበት።

እርስዎ አይደሉም፣ ትላለች፣ እኔ ነኝ፣ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ልፈትናቸው ታዝዤ ነበር፣ አልፈተንኳቸውም፣ ብፈትናቸው ተልባው አይሰጣቸውም ነበር፣ አለቀሰች ወይስ አላለቀሰችም አታውቅም፣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ሴትዮዋ አይጮኹም። ቢጮኹ በተሻላት። ፈተናው ምንድን ነው፣ ይላሉ፣ አሳይኝ እስቲ።

ኩባያ አለ፣ ማንኪያ አለ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ ትቀዳለች፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ እማማ፣ አንድ፣ ይዋጡ፣ አ ይበሉ፣ አ ይላሉ፣ ሁለት፣ አ፣ ሦስት፣ አ፣ ሳል ካልመጣ፣ ድምፅ ካልሻከረ አለፉ ማለት ነው፣ ትን ካለ ምግብ በአፍ አይሰጥም። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ምንም፣ አለቀ። ይኸው ነው? ይኸው ነው እማማ። ሴትዮዋ ኩባያውን ያዩታል፣ ሦስት ማንኪያ ውሃ፣ ይላሉ ለራሳቸው፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሳሉ፣ እኔ ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ፣ አንቺ ለማን ትነግሪዋለሽ ልጄ?

በሩን ራሳቸው ዘግተው ይሄዳሉ።

ለማን። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነው፣ የለም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ጎኑ ላይ ነጅሚያ ነጂብ ብላ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣ ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፣ ዶክተር ብርሃኑ ይቆጣል፣ ይቆጣ፣ ሃያ ሁለቱስ፣ ሃያ ሁለቱንም ከፈንታነሽ ጋር ቁጭ ብለን እንደ አዲስ እናያቸዋለን፣ ዛሬ አይደለም፣ ዛሬ ከአንበሳሜ የመጡ አሮጊት አራተኛ አልጋ ላይ አሉ፣ ጠዋት ነው የገቡት፣ ፈትኗቸው ይሆን፣ ማን፣ ማንም።

ማንኪያውን ታጥባለች፣ ኩባያውን ትይዛለች፣ ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ዋርዱ ምግብ ምግብ ይሸታል፣ አራተኛ አልጋ ላይ ልጅቷ ከፔርሙስ አጥሚት ቀድታ እፍ እፍ እያለች ነው፣ እናቴ ከትናንት ጀምሮ አፏ እህል አልነካም እኮ ሲስተር፣ አውቃለሁ እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ፣ እማማ ቀና ይበሉ፣ ትራሱን ደግፊልኝ፣ አንድ፣ ይዋጡ፣ አ ይበሉ፣ አ ይላሉ አሮጊቷ፣ ጎሽ፣ ሁለት።

ሁለተኛዋ ላይ ትን ይላቸዋል።

ነጅሚያ አጥሚቱን ከልጅቷ እጅ ቀስ ብላ ትቀበላለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ ሳሉ እስኪበርድ የአሮጊቷን ጀርባ ትደግፋለች፣ ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ብርሃኑ ስሟን ይጠራል፣ አትነሳም።