የቅሬው ዋርካ ድንጋይ

ዙሌይካ ሰኞ ጠዋት ዋርካው ሥር ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ቅዳሜ ማታ በነጭ አቡጄዲ ሸፍና የተወችው ድንጋይ ከነጨርቁ ቅቤ በቅቤ ሆኗል። ዙሪያውን ጠጅ ሳር ተጎዝጉዟል። ከአርዲቦ በኩል የመጡ ገበሬዎች ክብ ሠርተው ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱዓ፣ ተቀምጠዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል።

«ኧረ በአላህ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ወሊይ ተገልጦ!» አሏት ማተባቸውን አንገታቸው ላይ ያሰሩ ተሾመች የሚባሉ አሮጊት። «ቀብራቸው ነጭ ለብሶ ታየ ተባለ። አንቺ የከተማ ልጅ ሆነሽ አልሰማሽም?»

ዙሌይካ ራሷን ያዘች። በማን ይፈረዳል? ወሎ ተወልዶ አድጎ፣ ዋርካ ሥር ድንጋይ አቁሞ፣ ነጭ አልብሶ መሄድ! ሞኝነቱ የራሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የሐይቅ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ዋርካውን ቆርጦ የስብሰባ አደባባይ ሊሠራ አስቧል። ዋርካው ደግሞ የቅሬው ነው። ሰው ሲሞት የቀብር ማኅበርተኛው የሚሰበሰበው፣ ቃሬዛ የሚነሣው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። የዙሌይካ አባትም የተሸኙት ከዚያው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ዙሌይካ ይህን ስትሰማ አልቅሳ ዝም አላለችም። በከተማዋ ነባር ቦታዎች ታሪካቸው የተጻፈበት ድንጋይ ይቁም፣ ድንጋይ የቆመበትም አይነካ ብላ ሐሳብ አቀረበች። አለቆቿ አንገራግረው፣ «አንዱን አቁሚና ከአውራጃ ጓድ አሻግሬ ሰኞ መጥተው ይግለጡት። ከወደዱት ሥራው ይቀጥላል፤ ካልወደዱት ዋርካው ይቆረጣል» አሏት።

ድንጋዩን ኑርዬ የሚባል ጠራቢ ሠራ። ፊደሉ ግን ስስ ወጥቶ፣ ከድንጋዩ መልክ አልለይ ብሎ ሲያንገበግባት ነው የሰነበተው። አሁን ያ ጭንቀት እንደ ቀልድ ታያት። ጓድ አሻግሬ በአጉል እምነት ቀልድ አያውቁማ።

«እባካችሁ ተነሡ» ብላ ልመና ስትጀምር የአውራጃው ላንድሮቨር መጥቶ ቆመ።

ጓድ አሻግሬ ወርደው ቅቤውን አዩ፤ የተዘረጉትን እጆች አዩ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ጓድ ዙሌይካ፣ ታሪክ ያልሽኝ ይኼ ነው?»

«ጓድ፣ ተሳስተው ነው። ገና አልተገለጠም…»

«መገለጥ አያስፈልገውም። ድንጋዩ ይነሣ፤ ዋርካውም ይቆረጥ።»

ዙሌይካ ወደ ድንጋዩ ተንደረደረች። ቅቤ የጠገበውን አቡጄዲ መንጭቃ ጣለችው። ያ ስስ ፊደል ቅቤውን በጨርቁ በኩል ሲጠጣ ሰንብቶ ጠቁሮ፣ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

ተሾመች ወደ ድንጋዩ ቀረብ ብለው ጣታቸውን መጀመሪያው ፊደል ላይ አኖሩ። «በ… ዚህ… በዚህ» አሉ። ጓድ አሻግሬ ወደ መኪናው መሄድ ጀምረው ነበር፤ ቆሙ። አሮጊቷ ላባቸው እየወረደ፣ እየተሰናከሉ፣ እየተመለሱ አነበቡ፦

«በዚህ ዋርካ ሥር የሐይቅ ሰው ቅሬ ተቀምጧል። እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን ቃሬዛ ከዚህ አንሥቷል።»

«ወሊይ የለም እንዴ?» አለ አንዱ ገበሬ ቅር ብሎት።

«ዝም በል!» አሉት ተሾመች። እንባቸው መጣ። «የኔን ባል ማን ተሸከመልኝ? እነ ሐሰን፣ እነ አሊ አይደሉም? ይኸው ተጽፏል። እኔው አነበብኩት!»

ጓድ አሻግሬ ኮፍያቸውን አወለቁ። መሠረተ ትምህርትን በየቀበሌው እየዞሩ ሲያስተምሩ ድምፃቸው የተዘጋ ሰው ናቸው። «ማንበብ የት ተማሩ፣ እናቴ?»

«ከእናንተው ነዋ! እምቢ፣ አርጅቻለሁ ብል መች ለቀቃችሁኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጓድ አሻግሬም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ድንጋዩን ራሳቸው ደግመው አነበቡት። «ማኅበር ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ምክንያት እንደሚፈልግ ሰው። «ሕዝብ በማኅበር ሲረዳዳ ማን ይጠላል? ዋርካው ይቆይ። ቅቤው ግን ይታጠብ።» መኪናው ውስጥ ገብተው ደግሞ በመስኮት ብቅ አሉ። «ቀጣዩን የት ነው የምታቆሚው?»

«አርዲቦ!» ብለው ተሾመች መለሱላት።

መኪናው ሲርቅ ዙሌይካ አባቷ የተሸኙበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። ተሾመች ሻሿን ገለጥ አድርገው፣ ገበሬዎቹ ካመጡት የቅቤ ማሰሮ የተረፈውን በጣታቸው ጠርገው አናቷ ላይ አደረጉላት።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት። «ይኼን እንኳ አጥቢው አላሉም።»